አጥንቱ ዋንዛ ነው

እቁብ ወጣልኝና በሐምሌ መባቻ፣
ቤቴን ዞሬ አየሁት፣ ጉድለቱን ብቻ፦
አንድ እግሩ በጡብ ላይ፣ ያዘመመ ሶፋ፣
ሆዱን ድመት ቀዳው ስፖንጅ የሚተፋ፣
ባንድ ጎኑ ሻይ፣ ባንድ ጎኑ ቀለም፣
ትንሹ የሣለው፤ «ጅብ ነው?» ስንል፣ «አይደለም»፤
መሐሉ ላይ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱም ደግሞ
ጠርጥር የተባለ ውሻችን ተጋድሞ።

ባሌን ማንደፍሮን ነጭ ከፋይ አማረው።
ነጭ! በዚህ ክረምት! ማን ነው የመከረው?
የማራኪ ጭቃ በስድስት እግር ታዝሎ
የሚያድር እኛ ቤት ነው፣ ከውጭ ሲዞር ውሎ።

ፒያሳ ደረስን። ባለ መስታወት ቤት።
ሻጩ በከረባት፣ ሶፋው በወርቅ ጥለት።
«ተቀመጡ» አለን። ተቀመጥን። ሰመጥን።
ለመነሣት ደግሞ እጅ ተጓተትን።
«እንደ ግንቡ ነው!» አለን ሻጩ ኮርቶ፤
የኢያሱን ግንብ አሰብኩ፣ ጣሪያው ተከፍቶ።
«ለዕድሜ ልክ ነው» አለ። «የማን ዕድሜ ልክ?» አልኩ።
ሳቀ። እኔ ዝም ብዬ በልቤ ቆጠርኩ፦
ሠላሳ ስድስት ጥፍር፣ ስድስት ተረከዝ፤
ይህ ሁሉ ሲዘምት ከፋይ ምን ሊያግዝ?
ቁልፌን ከቦርሳዬ አወጣሁ ቀስ ብዬ፣
ክንዱን ጫር አረግሁት ሻጩን አታልዬ፤
ክሩ ተተልትሎ ቁልፌን ተከተለ።
ማንደፍሮ ሳል ሳለ።

በባጃጅ ተሳፍረን ሳሙና በር ሄድን፣
የመጋዝ ብናኙ ከሩቅ እያስነጠሰን።
አናጢው ቢያድግልኝ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ፣
«ስንት ናቸው?» አለኝ ፊቴን እንኳ ሳያይ።
«ሶፋዎቹ?» «ኧረግ! ልጆቹን ነው እንጂ!»
«ሦስት። ውሻ። ድመት።» «በይ ወደ ጓሮ ሂጂ!»

ከጣውላው በስተኋላ፣ ከቆርቆሮው ጥጉ፣
አንድ አሮጌ ሶፋ ቆሟል እንደ ወጉ፤
ለማጆች በምሳ የሚተኙበት፣
የሠፈሩ ድመት የወለደችበት፣
የገዛ ልጁ ይርሳው፣ ያን ጊዜም ላዩ ላይ
ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ይዘላል ወደ ላይ።
ጆሮዬን ሰጠሁት። ሲጥ እንኳ አይልም።
«ሰባት ክረምት» አለኝ፣ «እግሩ አልተንገዳገደም።»

«ይኸን ነው የምገዛ።»
«ይኸማ አይሸጥም! የኔ የምሳ ዕረፍት፣
ወገቤን ከፍዬ የምዘረጋበት!»
ለመንኩት። ጨመርኩለት። አሁንም ለመንኩት።
ባሌ እንኳ ለመነ፣ ነጩን እንዳለቀሰለት።
ቢያድግልኝ ሶፋውን፣ እንደሚታረድ በግ፣
እግሩን ወደ ሰማይ፣ አሳየኝ ጥግ በጥግ፦
«አጥንቱ ዋንዛ ነው፤ ምስጥ አይደፍረውም፤
ብሎን እንጂ ሚስማር ላመል አልመታሁም።
ጨርቁ ግን ልብስ ነው፣ እንደ ልብስ ያልቃል፤
ዚፕ አረግለታለሁ፣ ሲቆሽሽ ይወልቃል፣
ታጥቦ አጥር ላይ ውሎ ፀሐይ ይሞቃል።
ውሻሽስ ምን መልኩ?» አልኩት፣ «ዳለቻ።»
«ሸራውም ዳለቻ! ጠጉሩ ያግኝ አቻ።»

መጣ በአይሱዙ፣ ዝናብ እየጣለ።
ጎረቤት በሙሉ «የት ተገኘ?» አለ።
ልጆቹ ዘለሉ፤ ጠርጥር ተጋደመ፤
በገዛ መልኩ ላይ ዓይኑን ከደነ፣ ጠፋ፣
እስኪያንኮራፋ።

ማንደፍሮ ተሸነፈ፤ ነጩን ግን ሳይረሳ
አንዲት ነጭ ዳንቴል ገዝቶ መጣ ከፒያሳ፤
ክንዱ ላይ አነጠፈ፣ አስተካከለ፣ ቆመ፣
ራቅ ብሎ አያት፣ ብቻውን ፈገገ።

በሣልስቱ ጠፋች።
ምንጣፍ ገለበጥን፣ ልጆቹን መረመርን፤
ሁሉም «እኔ አይደለሁም»። ጠርጥርን ጠረጠርን።
ኋላ ከሶፋው ሥር በባትሪ ብናይ፣
ሻሼ ድመታችን፣ ነጯ ዳንቴል ላይ፣
አራት ወልዳለች፣ አቅፋ ተኝታ።

ማንደፍሮ ጎንበስ አለ። አየ። ሳል ሳለ።
እኔ ግን በጣቴ ቆጠርሁ በቀስታ፦
ሰባ ሁለት ጥፍር።
ዋንዛዬ፣ በርታ።