ስምንተኛዋ ሰከንድ

ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ ይዤ ቆሜ፣
በታርቱ ብርድ ውስጥ አማካይ ሳሰላ ከርሜ፣
ከኋላ ወንበር የሚያየኝ አልነበረም፤
ቢያየኝም ያየውን ለእኔ አልነገረም።

«አዲስ ጥምረት ነው፤ ዓይን ትሁንህ» አሉኝ፣
ዘንድሮ ማርዩን፣ የደን ተማሪዋን ሰጡኝ።
ውጤት ከእኔ አትሻም፤ ደብተሯን ዘርግታ
ጥግ ላይ ትጽፋለች፣ ሰሌዳውን ትታ፣
እኔን።

ሐሙስ ምሳ ላይ ሾርባዬን ሳማስል፣
ገጿን ገለጠች፣ «አይቀየሙኝ» ስትል፤
«ዛሬ በአንድ ሰዓት ሃያ ሦስት ጠየቁ፤
መላሹም እርስዎ፣ ሁለት ሰከንድ ሳይጠብቁ።»

ሾርባው በረደ። አልዋሽም፣ ከፋኝ።
ቁጥር ያኖረኝ ሰው፣ ቁጥር ዛሬ ገፋኝ።

ማክሰኞ ጠየቅሁና አፌን ዘጋሁ።
አራት… ስድስት…
በረዶው መስኮቱን ሲነካ ሰማሁ።
ስምንት ላይ እጄ ወደ ጠመኔው ገሠገሠ፣
ግማሽ መንገድ ደርሶ
ተመለሰ።
አሥራ አንድ ላይ ታቪ፣ ከመስከረም ጀምሮ
ድምፁን ሰምቼው የማላውቀው ልጅ፣ መለሰ።

ተሳሳተ።
ስህተቱን ሊያርም ሌላ እጅ ተነሣ።

«እጅዎን አየሁት» አለችኝ ሐሙስ።
ሌላ አልጨመረችም።
ሾርባችንን በትኩሱ ጠጣን።