«ተሰማ» ብለህ ጻፍ

መስከረም ሊያልቅ ነው፤ ጣና ሞልቶ ከብዷል፣
ዳር ዳሩን ደንገሉ ከነጭቃው ሰግዷል።
ገና ሳይነጋጋ ደጇ ላይ ስደርስ፣
አያልነሽ ቆማለች በቦቲ፣ ሳትቀምስ ቁርስ።

ሥነ ሕይወት አስተምራ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
ዘንድሮ ዓይኖቿ ጉም ለብሰው ዋሉ።
እኔ፣ በእሷ ፈተና የወደቅኩ ተማሪ፣
ሆኜላት መጣሁ የዓይኗ ተጠሪ።
መነጽሩን ሰጠችኝ፤ ማንገቻው አልቋል፣
ላቧ የነካው ቆዳ ጥቁሩ ለቋል።
«አንተ ያየኸውን በል፤ እኔ ስሙን ልንገርህ፤
የማታውቀው ቢመጣ አትዋሸኝ፣ እባክህ።»

ኢንፍራንዝ ስንደርስ፣ ከረግረጉ አፋፍ፣
ጉሙ መሃል አየሁ የተዘረጋ ክንፍ።
«ነጭ ነው» እላታለሁ። «ስንት ዓይነት ነጭ አለ!
እግሩን ንገረኝ እንጂ!» ድምጿ ከፍ አለ።
«ጣቱ ቢጫ ከሆነ ስሙን እኔ ላምጣው፤
ነጭነቱንማ ማንስ መች አጣው።»
ወፉ አልጠበቀንም፤ አንገቱን አጥፎ
ሄደ ወደ ይጋንዳ፣ ደንገሉን አልፎ።
ቢጫ ጣቱን ያየሁ ያኔ ነው፣ ሲበር።
«ጻፈው!» አለች ስቃ፣ «አንድ አለን፤ ይኑር።»

በቀትር እንድሪስ በታንኳው አቀፈን፣
በእምቦጩ መሃል ቀስ አድርጎ ቀዘፈን።
እሱ ወፍ አይቆጥርም፤ ዓሣ ነው ሒሳቡ፤
ወፎች ካጎነበሱ፣ እዚያ ነው መረቡ።
ጭራ ነቅናቂዎች፣ ትንንሽ ቢጫ ሆዶች፣
ባሕር ተሻግረው የመጡ እንግዶች፣
«እነዚህ» አለን «ማታ ነው የገቡ፤
ባዶ ነበር ዳሩ፤ ይኸው ተሰበሰቡ።»

«ቲቸር፣ እንደ መስቀል ወፍ!» ብላት ለጨዋታ፣
«እሱ መቼ ጠፋ?» አለች ተቆጥታ፤
«መስከረም ሲጠባ ነው ካባ የሚደርብ፤
በጋውን ቡኒ ለብሶ ደጅህ ሲሰበሰብ
አልፈኸው ትሄዳለህ፣ ሳትቆጥር፣ ሳታስብ።»
ከዚያ ዝም አለች። ስለ ወፍ ይሁን ስለ ራሷ
አልጠየቅኩም እኔ፤ አልጨመረችም እሷ።

አመሻሽ ላይ ከአባይ መውጫ፣ ከበሩ፣
ትራኩ ሲያስነጥስ፣ ሞተሮች ሲበሩ፣
ክንዴን ያዘች ድንገት፦ «ስማ! ከዋርካው ጀርባ!»
እኔ የሰማሁት የባጃጅ ጥሩንባ።
መነጽር አነሳሁ፤ ቅጠል፣ ቅርንጫፍ፣ ሰማይ፤
ሦስቴ ዞርኩ፣ አራቴ። የለም የሚታይ።
«አላየሁም» አልኳት፤ «እንግዲያ ልተወው?»
«‹ተሰማ› ብለህ ጻፍ! ጆሮስ የማን ነው?»

ሠላሳ ሰባት መስመር፤ ሠላሳ ስድስቱ በዓይኔ፣
የመጨረሻው የእሷ፣ በእጅ ጽሑፌ፣ በእኔ።
ስሙን ሳትነግረኝ ወረደች ከታክሲ፣
በአንድ እጇ ቦቲዋ፣ በሌላው እርጥብ ካልሲ።