የኬላው ዶሮ

አልዩ አምባ፣ አርብ፣ ገበያው ሲፈታ፣
ዶሮ ቀረበልን በኬላው ጨረታ።
ከባሕር የመጣ ሲራራ ቀረጥ የገበረበት፣
አንድ ክረምት ቢጨመር ግንቡ የማይቆም ቤት።

አንድ ቀይ አውራ ዶሮ፣ እግሩ በቃጫ ታስሮ፣
የሚጮህ እንደ ከሳሽ፣ ችሎት ፊት ተወርውሮ።
ሲራጅ ልብስ ሰፊው ሁለት መቶ ከፍሎ
መለሰልን ዶሮውን፣ «ደግማችሁ ሽጡት» ብሎ።
አስካለች ገዛች፤ መለሰች። ገዛ ደብሩ፤
የመስጊዱ ኮሚቴ ገዛ፤ ሾፌሮቹም በማኅበሩ፤
ዘጠኝ ጊዜ ታረደ በአፍ፣ ዘጠኝ ጊዜ ቆመ በእግሩ።

አያ ኑርልኝ ዘገዩ፤ መጡ ሕዝቡ እየተመለሰ፣
ከኩታቸው ጫፍ ፈቱ
አንድ አሞሌ፣ ዳሩ የተላሰ።
«ቅድመ አያቴ ግመሉን ሌሊት በጓሮ ነድቶ፣
ይህን በር ሸሽቶ አለፈ፣ ቀረጡ ሳይከፈል ቀርቶ።
ዕዳ ነው። ተቀበሉኝ።»

የሳቀ ሰው አልነበረም።

እኔ መዝጋቢው ደብተሬን አገላበጥኩ፦
የብር ረድፍ አለ፣ የኖራ፣ የጥድ እንጨት፣
የጨው ግን የለም።
በኅዳጉ ጻፍኩ፦ «አሞሌ፣ አንድ። ዘግይቶ የተከፈለ።»
ዶሮው?
ቃጫውን በጥሶ ከተሰነጠቀው ግንብ ላይ ተሰቀለ።