ሁለቴ ማለት ከኋላህ ነኝ

አስፋልቱ ካለቀ፣ ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣
ነፋሱ በሌሊት ያለ ከልካይ ሲያልፍ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ውሃ በማይወጣበት፣
ማዳመጫ አጥልቄ የምሰየምበት
አንድ የላስቲክ ወንበር፣
በዕቁብ የገዛሁት አሮጌ ኮምፒውተር፤
ቀን ጠርሙስ ቆጥሬ፣ ሲያበቃ ፈረቃ፣
እዚህ ነው ምተኩስ፣ እዚህ ነው ምነቃ።

ትናንት አንድ ሰው ገባ። «እንግዳ አርባ ሰባት»
ይላል ስሙ። ሌላ ምልክት የለበት።
ገና ደጁን ሲያልፍ ቦንቡን ፈታና
ጣለው ከእግሩ ሥር፤ መሀላችን ሆነና
ሦስታችን ሞትንለት።

ፍሬገነት ሳቀች። ሰይፈዲን ተቆጣ፦
«ከየት አባቱ መጣ! አሁኑኑ ይውጣ!
በአንድ ሌሊት ወርደን ነሐስ ልንገባ ነው!»
ቶላ ምንም አላለ፤ ጣቱ ማባረሪያው ላይ ነው።

እኔ ግን ትዝ አለኝ የመጀመሪያዬ ማታ፣
ሰማይ ሰማይ ሳይ፣ ከግንብ ጋር ስማታ፣
ተገኑ የሚባል፣ ፊቱን የማላውቀው፣
«ቀስ» ያለኝ፣ «ወንድሜ፣ ሩጫህን ተወው፤
ጠላትህ ጫማ አለው፤ ቆመህ አዳምጠው።»
ስንት ወር መራኝ።
ከዚያ አንድ ቀን ጠፋ። ከስሙ አጠገብ ያለች
አረንጓዴ ነጥብ ግራጫ ሆነች፤
ሁለት ክረምት አለፈ፣ ዛሬም ግራጫ ነች።
ብድር በምድር ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤
አበዳሪዬን ግን በየት ምድር አገኘዋለሁ?

ማይኩን ከፈትኩ።
«እንግዳ፣ ትሰማለህ?»
ዝም።
ከዚያ ሹክሹክታ፦
«እሰማለሁ። ልጅ ተኝቷል፤ አልጮህም፤ ይቅርታ።»
«ምን ችግር አለ፤ በሹክሹክታ!

ካርታውን ሙሉ አትሸምድድ፤ ያዝ አንዲቱን በር፤
በሷ በኩል ብቻ ማንም አይሻገር።
ሞት እዚህ ነውር አይደል፤ ስትሞት ግን ተናገር፣
በየት እንደመጣ፣ ስንት እንደነበር።
አደባባይ ቆመህ ጥይት አታጉርስ፤
ጉርሻ በጓዳ ነው፣ ከግንብ ጀርባ ስትደርስ።
አፍህ ከታሰረ ባትሪህን ተጠቀም፤
ሁለቴ ብልጭ ማለት "ከኋላህ ነኝ፣ ቁም"፤
ሦስቴ ከሆነ ግን "ቦንብ አለ፣ አምልጥ" ነው።
ያዝከው?»
«ያዝኩት» አለ። ድምፁ ግን አልያዘው።

ሰባት ዙር ተሸነፍን።
በስምንተኛው፣ በሯ ሥር እንዳለ፣
«በግራ... አንድ... ጫማው ይሰማኛል» አለ፣
ልጅ እንደሚያባብል።
ሰይፈዲን ዞረና በአንድ ጥይት ጣለው።
«እሺ፣ ይቆይ» አለ፤
ከሰይፈዲን አፍ ይህ ምርቃት ነው።

ያኔ ጅብ ጮኸ፣ ከድንጋይ ካባው ማዶ፤
አንዴ በመስኮቴ፣
አንዴ ከእንግዳው ማይክ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ በጆሮዬ።
ያው ጅብ። ያው ጩኸት።
«አንተ፣ ወዴት ነህ?» ልል አፌን ስከፍት
መብራት ሄደ።

በረንዳ ወጣሁ። ብሎኮቹን ጨለማ ውጧቸው፤
ሦስት ዓመት ስኖር አንድም ሰው የማላውቅባቸው።
ፊት ለፊት፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ ከተሰጣ ልብስ ኋላ፣
ልጅ ታቅፎ የሚወዛወዝ የአንድ ሰው ጥላ።

ስልኬን አውጥቼ ሁለቴ አበራሁ።
ጠበቅሁ።
ጥላው ቆመ። ልጁን ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረ።
አንድ።
ሁለት።
...ሦስት።

ብቻዬን ሳቅሁ። ቦንብ አለ፣ አምልጥ!
ነገ አስተካክልለታለሁ።
ለዛሬ ግን፣ መብራት እስኪመጣ፣
ከበረንዳው ንቅንቅ አላልኩም።