ጠብታ

ቫልሞንታ ናት ከተማችን፤ ጣሊያን፣ ከወንዙ ማዶ፤
ሰኞ ነው፤ ትናንት በሜዳችን ተሸንፈናል ሦስት ለባዶ።
እኔ ኢርማ፣ ማልያ አጣቢዋ፣ ከምድር ቤቱ መስኮት ሥር
እሰማለሁ ካቻቢቴ ባሠልጣኙ በር ላይ ሲዞር።
ስም ያለበት ናስ ይነቀላል፣ ስም ያለበት ናስ ይተከላል፤
አሥራ አራት ሰው የተሸከመ እንጨት ዛሬ ወንፊት ይመስላል።

ሀብቱን የቀዳው ከቧንቧ፣ ኤቫሪስቶ ጋንዶልፊ፣
ክለቡን የገዛ ዕለት ማለ፦ «በሦስት ዓመት አሸናፊ!»
አሥራ አንድ ዓመት ሆነው ይኸው፤ ይህን የምል እኔ አይደለሁም፣
ሠንጠረዡ ነው፤ ሠንጠረዥ ደግሞ ባለጸጋ አይፈራም።

ሰው ሊሾም ሲል ብልሃት አለው። ወረቀቱን አይገልጥም፤
የት ሠራህ፣ ስንት ዋንጫ በላህ ብሎ ነገር አይጠይቅም።
እኔ ካለሁበት ያወርደዋል፣ ማልያ ከሚሰጣበት ክፍል፤
ወንበር ይሰጠዋል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወይኑ ያወጋል፤
ከጥጉ፣ ላስቲኩ ያለቀ አሮጌ ቧንቧ አለ።

ጠብ ይላል።
ጠብ።
ሲኞር የእንግዳውን ጆሮ ያያል።

ቴኦዶሪኮ ብራይዳ መጣ፣ ሦስት ቡድን ከመውረድ ያዳነ፤
«ላስቲኩ አልቋል፤ መፍቻ ስጡኝ» ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ ለመነ።
ሲኞር ፈገግ ብሎ ሸኘው፤ ለልጁ ለሉድቪካ ሲነግራት ሰማሁ፦
«ጠብ ሲል የሚሰማ ሰው ጠብ ፈላጊ ነው፤ አውቀዋለሁ።»

ኦርኔላ ፌሪጎ መጣች፣ የጨዋታን ነገር አዋቂ፤
ቃል ሳትተነፍስ ባልዲ አኖረች። ባልዲ ሲሞላ ማን ተጠያቂ?
እሷም በማታው ባቡር ሄደች።

ከዚያ ጂልቤርቶ ፓዞት ገባ፣ ሽቶው ቀድሞት ደረጃ ወርዶ፤
ስለ ራዕይ፣ ስለ ፕሮጀክት፣ አርባ ደቂቃ የቃል ዶፍ አውርዶ —
ጠብ። አልሰማም።
ጠብ። አልሰማም።
ጠብ። «እናም ሲኞር፣ በእርስዎ ጥላ ሥር…»
የሦስት ዓመት ውል ፈረመ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ወንበር።

ዐሥራ ዘጠኝ ጨዋታ ተጫወትን፤ ነጥብ ግን ጠብ አላለም።
ዛሬ የሚነቀለው ስም የእሱ ነው። እሱስ አይጎዳም፤
ቀሪ ውሉን ተቀምጦ ይበላል፤ የሚቀነሰው ከእኔ ሳሙና ነው፤
አምና ነጭ የነበረው ማልያ ዘንድሮ የአጃ ቀለም ያለው።

አንድ ምሽት ብቻውን ወረደ፤ ሄዳለች ብሎ ነበር እኔን፤
ከተሰቀሉት ፎጣዎች ጀርባ ዘቅዝቄ ቆምኩ ራሴን።
ከዚያ ከሚፈትንበት ወንበር ተቀምጦ ጠብታውን አዳመጠ፤
በዐሥራ አምስት ዓመቱ ቧንቧ ሠሪ ነበር፤ ተነሣ፤ ኮቱን ገለጠ፤
ከኪሱ አዲስ ላስቲክ አወጣ፤ ከአፍታ በላይ አልፈጀበት።

ዝም አለ ቤቱ።
ዝም አለ።

ጸጥታውን ፈራው ይሆን? እኔ ምን ዐውቄ፣ እንጃለት፤
ላስቲኩን መልሶ አወጣ፤ ጠርዙን በጥርሱ ነከሰና
አስገባው እንደገና።
ጠብ ሲል ጊዜ ተነፈሰ፤ መብራቱን አጥፍቶ ወጣ።

አሁን በደረጃው ኮቴ አለ፤ ዐሥራ አምስተኛው መጣ።
ስሙን አላውቅም፤ ጫማው ግን ጭቃ ይዟል፣ የሜዳ ጭቃ፤
ሲኞር በሩን ይዞለታል፣ እንደ እንግዳ፣ እንደ አለቃ።
ወንበሩ ላይ መፍቻ ትቻለሁ፤
ካላነሣው አይቀመጥም፣
ካነሣው ደግሞ አይሾምም።