በማን ስም ልፈርም?

ስድስት ሳምንት ሙሉ ሆዴን ሣጥን አርጌ፣
ከሚስቴ ጋር በላሁ፣ ተኛሁ ተሸሽጌ።
አንድ ሰው መጥቶ ነው፣ በኅዳር ማለዳ፣
ከቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ባለ ካፖርት እንግዳ፤
«ሚስትዎን ልናከብር ነው» አለኝ፣ «ሳናሳውቅ፤
ከጠረጠረች ግን ቀረ፤ እንጠንቀቅ።»

ሄስተር ሳትጠረጥር? ይህን ማን ያምናል?
«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» በሚል አንድ ቃል
አሥራ ዘጠኝ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ይታለላል?
ጨው ዕቃው ከቦታው አንድ ጣት ቢሸሽ፣
ማን እንዳነሣው ታውቃለች፣ ለምን እንደሚዋሽ።

የግሪምስቢ ነፋስ ዓሣ ዓሣ ሲሸት፣
እሷ ገበያ ስትወርድ፣ እኔ ከቤት
ከግድግዳው ላይ የሠርጋችንን ፎቶ፣
ከሻንጣዋ ግርጌ የአባቷን ደብዳቤ፣ ጠርዙ በብል ተበልቶ፣
አንድ በአንድ ሰረቅሁ። የፎቶው ቦታ ግን ባዶው
ነጭ አራት ማዕዘን ሆነ፤ ምስጢሬን ግድግዳው አወጣው።

አየችው። ሾርባዋን ጠጣች። ምንም አላለች።
ማታ ግን በማስታወሻዋ ሁለት መስመር ጻፈች፦
«ስልክ ሲጮህ ይሮጣል። አዲስ ክራባት። ፎቶው የለም።
ሴት ናት ዕዳ ነው ወይስ ሕመም?»
ሰርቄ አነበብሁት። ሠላሳ ዓመት አራሚ ነኝ፣ በማተሚያ ቤት፤
ነጠላ ሰረዝ በጎደለበት ጣቴን አሳከከኝ፤ ተውሁት።

ሊድስ። መጽሐፍ መደብር። ውጪው ዝናብ።
አንባቢ ተሰልፎ፣ ጃንጥላው ሲንጠባጠብ፣
አንገቷን ደፍታ ትፈርማለች። አንድ ረጅም ሰው ቀረበ፤
ቀይ መጽሐፍ፣ የመስኮት መዝጊያ የሚያህል፣ ከፊቷ አኖረ፤
መብራት ቦግ አለ፤ ካሜራ ከመደርደሪያው ጀርባ ዞረ።
እሷ ቀና እንኳ ሳትል ሽፋኑን ገለጠች፣
«በማን ስም ልፈርም?» ብላ ጠየቀች።
«በራስዎ፣ እመቤቴ» አላት፤ «ሕይወትዎ ነው፤
ዛሬ ማታ በአገር ፊት የምናነበው።»

ዓይኗ ከሰዉ መሃል እኔን ፈልጎ አገኘኝ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ስታነበኝ ኖራ፣ አንድ ገጽ የዘለለች መሰለኝ።

ከዚያ ስቱዲዮው። ከመጋረጃ ጀርባ ድምፅ ይመጣል፤
ድምፁ ሰው ይሆናል፤ ሰውዬው ይወጣል።
«ዓሣ ስንዘለዝል፣ በአንድ እጇ ቢላ፣ በአንድ እጇ እርሳስ» አለች የፋብሪካ ጓደኛዋ፤
«ድርሰትሽ ውሸት ነው ብዬ ዜሮ ሰጥቻት ነበር» አለ የዘጠና ዓመት መምህሯ።
ሳቅ። ጭብጨባ። ከዚያ
አንድ ሻካራ ድምፅ፦

«ሄቲ፣ መብራቱን አጥፊና ተኚ።»

ሄስተር ወንበሩን ጨበጠች። ያንን ድምፅ የሰማችው
ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ በር ሲዘጋ፤ የመጨረሻው።
ሙሪየል። እኅቷ። በሦስተኛው መጽሐፍ ስሟ ብቻ ተቀይሮ፣
የእናቷን ቀለበት ከሬሳ ጣት መንትፋ የሄደችው፤ ክብሯ በሽልንግ ተመንዝሮ።
ነይ ብዬ የጻፍሁላት እኔ ነኝ። አቅራቢው ምን ያውቃል?
«ተወዳጅ እኅት» ይላል ወረቀቱ፤ ያነባል።

ተቃቀፉ። አዳራሹ አለቀሰ። እኔ ከካሜራው ጎን ቆሜ
የሙሪየልን ሹክሹክታ ሰማሁ፣ ጆሮዬን አቁሜ፦
«ቀለበቱ አብሯት ተቀብሯል። ጣቷ ሲከሳ ያሰርሽው አንቺው ነሽ፣ በክር።
ገጽ ሁለት መቶ አራት። አርሚልኝ፣ ሳንቀበር።»

ሌሊት፣ ወጥ ቤት። ቀዩ መጽሐፍ ከዳቦው ጎን ተዘርግቷል።
«‹ደስተኛ ልጅነት›? ይህን ማን ጻፈው?
ሰርዘው።»
ሰረዝሁ። «‹ታማኝ ባል›?» ዓይኗን አነሣች። «እሱን ተወው፤
ብቻ የጥያቄ ምልክት ጨምርበት።»
ፎቶውን ሰቀልሁት፤ ተንጋደደ፤ የነጩ ጠርዝ ታየበት።

ሙሪየል ባቡሩ አምልጧት፣ ላይኛው ክፍል አልጋ አነጠፍሁ።
ሄስተር በባዶ እግሯ ደረጃውን ወጣች። ቆየች። ማጥፊያው ቀጭ ሲል ሰማሁ።
ተመልሳ ተቀመጠች፤ ሻይዋ ቀዝቅዟል።

«ተኝታለች» አለችኝ በሹክሹክታ፣
«እንደ ድሮዋ፤ አፏን ከፍታ።»