በሁለት ሣጥን መሐል

ትራሙ ሲያልፍ ከታች፣ መስኮቱ ይርዳል፤
ሎቭሮ ዓይኑን ሳይነቅል ከስክሪኑ፣ ይጠይቃል፦
«ፖስተኛዎ ደረጃ ሲወጣ፣
የትኛው እግሩ ነው ቀድሞ የሚመጣ?»

ያድራንካ ዝም አለች።
ከአርባ ዓመት በፊት፣ በዛግሬብ፣ በልጆች መጽሔት ገጽ አራት፣
የሳምንቱን ኮሚክ በስድስት ሣጥን ስትከትት፣
በአንዱ ሣጥን ምድር ቤት፣ በሚቀጥለው በር ላይ ነው፤
መሐል ያለውን ነጭ፣ አንባቢው ነበር የሚወጣው።

አሁን ግን ፊልም ነው፤ ነጭ የሚባል አይተርፍ፣
ሃያ አራት ሥዕል ይፈጃል አንዲት ሰከንድ እስክታልፍ።
ልጆቹ ከብጫው ገጽ ቀድተዋል ሁሉን፦
ቦርሳውን፣ ጢሙን፣ የኮቱን ቁልፍ መጉደሉን፤
ያኔ በእንቅልፍ ልቧ ቀለም የደፋችበትን እጅጌ እንኳ
ጌጥ መስሏቸው አሳምረውታል። ሳቀች ያድራንካ።

አካሄዱን ግን ከየት ይቅዱ? ገጹ ላይ የለም።
እሷም ስትስለው ኖራ፣ አታውቅም።

እርሳስ አነሳች። ሳለች፤ ደመሰሰች፤ ሳለች።
ግራው ቀድሞ ወጣ፤ ቀኙን ጎትታ አስከተለች።
«ያነክሳል እንዴ?» አለ ሎቭሮ።
«እኔም» አለች፣ «ማወቄ ነው ዘንድሮ።»

ከዚያ በወረቀቱ ጥግ፣ ቀስ ብላ ሳለችለት
አባቷ ይደገፍ የነበረውን የደረጃ ብረት።